ሙገር፣ ጀማ ወይስ አዋሽ? ከአዲስ አበባ ዳር ተነስቶ ሸለቆ ለሚወርድ ሰው የመንገድና የመኪና ምርጫ

ሰው ሸለቆ የሚመርጠው ከላይ ሆኖ በሚያየው ነው። ጠርዙ ላይ ቆሞ ወደ ታች ያያል፣ ልቡ ይሸፍታል፣ ከዚያ «እንውረድ» ይላል። እኔ ግን ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው አንድ ነገር ነው፦ መጀመሪያ መውጫውን እዩ። ቁልቁለቱን ማንኛውም ደህና ፎር ዊል ይወርደዋል። ሞተሩ፣ ፍሪሲዮኑ፣ ጎማውና ሹፌሩ የሚፈተኑት ከሰዓት በኋላ ነው። ሰው ደክሞታል፣ ሙቀቱ ከፍ ብሏል፣ ጠዋት እየተሳቃችሁ የወረዳችሁት ቁልቁለት አሁን ዳገት ሆኖ ቆሟል።

ስለዚህ እዚህ የማወዳድረው እይታን አይደለም። የትኛው ሸለቆ ለየትኛው ሹፌርና ለየትኛው መኪና ይሆናል የሚለውን ነው። ቅደም ተከተሉም መንገዱ ይቀድማል፣ መኪናው ይከተላል። ብዙ ሰው በተቃራኒው ያደርገዋል። መኪናውን ይገዛል ወይ ይከራያል፣ ከዚያ «የት ልውሰዳት?» ይላል።

በአዲስ አበባ ዳርቻ የምንኖር ሰዎች በዚህ ነገር ታድለናል። በእንጦጦ በኩል ወጥተን ሱሉልታ ስንደርስ ሜዳ ነው፣ ከብት ይግጥበታል። ያ ሜዳ ግን ብዙ አይዘልቅም። ሙገርና ጀማ የሚባሉት ሁለት ወንዞች ከሁለት በኩል ሲቆርጡት ኖረዋል፤ ሁለቱም ውሃቸውን ለአባይ ይሰጣሉ። ቁርስ ደጋ ላይ በልቶ፣ ምሳ ግራር ጥላ ስር ላብ እየጠረጉ መብላት የሚቻለው ለዚህ ነው።

ከሁሉ በፊት ጸጥታው

ባለፉት ዓመታት በሰሜን ሸዋ መስመሮች ላይ መንገድ የተዘጋበትና ሰው የታገተበት ጊዜ ነበር። ዛሬ ሰላም የተባለ ቦታ በሳምንቱ ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ ከወር በፊት ደርሶ የመጣ ጓደኛችሁን ብቻ አትመኑ። በዋዜማውም በዕለቱ ጠዋትም ጠይቁ። መናኸሪያ ሄዳችሁ ከዚያው መስመር ገና የገባ ሹፌር አነጋግሩ። የወረዳው ጽሕፈት ቤት ደውሉ። «ዛሬስ ይቅርባችሁ» ካሏችሁ ይቅርባችሁ። ሸለቆው የትም አይሄድም።

ሙገር፦ ቅርብና ምሕረት ያለው

ጫንጮ ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ወደ ግራ ታጥፎ ወደ ደርባ ይኬዳል። ደርባ ጠርዙ ላይ የተቀመጠች ናት፤ ከከተማችን ወደ 70 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። የሲሚንቶ ፋብሪካው እዚያ የተተከለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ገደሉ ውስጥ የተነባበረው የኖራ ድንጋይ ነው የሳበው። ለእኛ ይህ ማለት ሁለት ነገር ነው። ዋናው መንገድ ላይ የተጫነ ሲኖ ይበዛል። መታጠፊያ ላይ ከፊታችሁ ሲመጣ ቦታውን ለቃችሁ ጠብቁት፣ አትከራከሩት። በሌላ በኩል ደግሞ ከተበላሻችሁ ሰው አለ። ጫንጮ ላይ ጎሚስታ፣ ሱሉልታ ላይ ጋራዥ አይጠፋም።

የሙገር ትልቁ ጥቅም ግማሽ መንገድ ወርዶ መመለስ መቻሉ ነው። ጠርዙ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሣር እየነጩ ታገኛላችሁ፤ ክረምቱ እንዳለፈ ፏፏቴውም ሞልቶ ይወርዳል። ከዋናው መንገድ የሚገነጠሉት የገጠር መንገዶች ግን በየክረምቱ ይታጠባሉ። ዓምና ያለፋችሁበት ዘንድሮ ቦይ ሆኖ ሊጠብቃችሁ ይችላል። አንዳንዱ ደግሞ ከመነሻው የአህያ መንገድ ነው። ሰፊ መኪና ከገባበት በኋላ መዞሪያ አያገኝም። አንድ ሰው ቀድሞ በእግሩ ይውረድና መዞሪያ መኖሩን አይቶ ይመለስ። አስር ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወርድ ሰው፣ ቤተሰብ የያዘ ሰው፣ አንድ መኪና ብቻ ያለው ሰው ከሙገር ይጀምር። ይህን ሳላመነታ ነው የምለው።

ጀማ፦ የምር ቁልቁለት

በጎጃም መንገድ ሙከጡሪ ድረስ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ትሄዳላችሁ። ከዚያ በቀኝ ወደ ለሚ። ለሚ እንደ ደርባ ጠርዝ ላይ ናት፣ ጥልቀቱ ግን ሌላ ነው። ከለሚ አካባቢ እስከ ጀማ ወንዝ ከ1,000 ሜትር በላይ ትወርዳላችሁ። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚጨምር፣ ጠዋት ጃኬት ለብሳችሁ ተነስታችሁ ታች ስትደርሱ በካናቴራ ናችሁ። ዋናው መንገድ ወንዙን በድልድይ ተሻግሮ ወደ መርሐቤቴ፣ ወደ ዓለም ከተማ ይወጣል። የምንፈልገው ነገር ያለው ግን ከድልድዩ ግራና ቀኝ፣ በወንዙ ዳር ባለው ጠጠርና አሸዋ ላይ ነው።

እዚያ ታች ያለው አገር ደረቅ ነው። ግራር፣ ቁጥቋጦ፣ የተሰነጠቀ ገደል፣ በበጋ ሲጠብ በክረምት የሚያብጥ ሰፊ የወንዝ ወለል። ወፍ የሚወዱ ሰዎች ሩቅ አገር አቋርጠው የሚመጡበትም ነው፤ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘው የሃርዉድ ቆቅ ከሚታይባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ጀማ ነው። ጠዋት ገብታችሁ ሞተሩን ብታጠፉ ድምፁን ልትሰሙት ትችላላችሁ።

ችግሩ መውጫው ነው። ረጅም ነው፣ ጥላ የለውም፣ ፀሐይ ያገኘዋል። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የለሚ ሲሚንቶ ፋብሪካ ከተመረቀ ወዲህ ደግሞ በዚያ አቅጣጫም ከባድ መኪና መኖሩን አስባችሁ ንዱ። ጀማን ለብቻ በአንድ መኪና ከዋናው መንገድ ወጥቶ መውረድን አልመክርም። አሸዋ ውስጥ ብትቀበሩ የሚጎትታችሁ ላይገኝ ይችላል፣ ገደሉ ውስጥ ደግሞ ኔትወርክ አይታመንም። ሁለት መኪና፣ ሁለቱም ፎር ሎው (በዝግታ ግን በብዙ ጉልበት የሚያስኬድ የፎር ዊል ማርሽ) ያላቸው። ከዚያ በታች ከሆናችሁ ለሚ ጠርዝ ላይ ቡና ጠጥቶ መመለስም ቀን ነው።

ደብረ ሊባኖስ

100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በዚያው በጎጃም መንገድ። ሰዉ ብዙ ጊዜ ከሁለቱ ጋር ያወዳድረዋል። ለመኪና ግን ውድድር ውስጥ አይገባም። ገዳሙና አካባቢው በክብር የሚገባበት ቦታ ነው፤ የፖርቱጋል ድልድይ ተብሎ የሚጠራው የድንጋይ ድልድይም በእግር የሚደረስበት ነው። መኪናችሁን አቁማችሁ ሂዱ። ሽማግሌ ወላጆቻችሁን ይዛችሁ ሸለቆ ማሳየት ከፈለጋችሁ ግን ከሁሉም የሚሻለው ይህ ነው።

አዋሽ፦ ዳገት የሌለው በረሃ

ቁልቁለት ይቅርብኝ፣ ደረቅ በረሃ ነው የምፈልገው ለሚል ሰው አቅጣጫው በተቃራኒው ነው። በአዳማ የፍጥነት መንገድ ወጥቶ፣ መተሐራን አልፎ አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ። ወደ 225 ኪሎ ሜትር ስለሆነ አዳር ይጠይቃል። እዚያ የአዋሽ ገደል ከጠርዝ የሚታይ ነው እንጂ በመኪና አይወረድም። መንዳቱ ሜዳ ላይ ነው፤ አቧራ፣ ከፈንታሌ እሳተ ገሞራ የቀረ ጥቁር ድንጋይ፣ እሾህ። የግራር እሾህ የጎማ ጎን ከወጋ ጎሚስታም አያድነውም፣ ስለዚህ ሁለት ስኮርታ ያዙ። የፓርኩን ክፍያ ክፈሉ፣ ጠባቂ ይዛችሁ ተንቀሳቀሱ። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌ አካባቢ ተደጋጋሚ የመሬት መንቀጥቀጥ ስለነበረም የትኛው መንገድ ክፍት እንደሆነ በር ላይ ጠይቁ።

የአዋሽ ጥቅሙ መኪናውን አለማስጨነቁ ነው። ሞተሩ ደካማ የሆነ መኪና ጀማ ላይ ከሚሰቃይ አዋሽ ላይ ይሻለዋል።

ጎማው ስር ምን አለ?

ይህን ክፍል በደንብ አንብቡልኝ። ሙገርም ጀማም ስትወርዱ መሬቱ ደርብ በደርብ ይለዋወጣል፣ አነዳዳችሁም አብሮ መለወጥ አለበት።

ከላይ ሜዳው ላይ መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር ነው። በበጋ ይሰነጠቃል፣ እንደ አስፋልት ይጠነክራል። አንድ ካፊያ ካገኘው ግን የጎማውን ጥርስ ሞልቶ ጎማችሁን ልሙጥ ያደርገዋል። ፎር ዊል ሆነም አልሆነ መኪናው ይንሸራተታል። ዝናብ ዘንቦ ባደረ ጠዋት ሸለቆው ደረቅ ቢሆንም ወደ ሸለቆው የሚያደርሰው መረሬ ሊያስቀራችሁ ይችላል።

ከመረሬው ስር ጥቁሩ ገደል አለ። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ እሳተ ገሞራ የተከመረበት ነው። መንገዱ ላይ የሚንከባለሉት ክብ ክብ ድንጋዮች የእሱ ፍርስራሽ ናቸው። እዚህ ፍጥነት ሳይሆን መስመር መምረጥ ነው የሚያስፈልገው። ጎማውን ድንጋዩ ላይ አውጡት እንጂ ድንጋዩን በሁለት ጎማ መሃል አታሳልፉት፤ የዘይት ቋቱንና ዲፈረንሻሉን የሚያገኘው እሱ ነው።

ከዚያ በታች የአሸዋ ድንጋይ፣ ከሱ ስር ቀይና ቡናማ የጭቃ ድንጋይ፣ ከሱ ስር የኖራ ድንጋይ፣ ይበልጥ ጥልቅ ሲሆን ደግሞ ጂፕሰም ይመጣል። የጂኦሎጂ ባለሙያዎች ከእነዚህ ደርቦች አንዳንዶቹን በደብረ ሊባኖስ፣ በሙገርና በጎሃ ጽዮን ስም ነው የሚጠሯቸው። ለሹፌር አደገኛው የጭቃ ድንጋዩ ነው። ደርቆ ሲታይ አቧራ ይመስላል። እርጥበት ሲነካው መንገዱ ራሱ ከነጠርዙ ወደ ታች ይንሸራተታል። ቀይ ግድግዳ ከጎናችሁ ካያችሁና መንገዱ ወደ ገደሉ ያዘመመ ከሆነ ወርዳችሁ በእግር ሳትረግጡት አትለፉ።

የትኛው መኪና?

ሃርድቶፕ ላንድክሩዘር። የ70 ተከታታይ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ እየተመረተ ነው፣ እና የትኛውም ከተማ ያለ መካኒክ ያውቀዋል። ባሌስትራው ይንጣል፣ ወገብ ያደክማል፣ ግን አይከዳም። የእሱ ድክመት ስፋቱና መዞሪያ መፈለጉ ነው። ለጀማ የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው። ለጠባቡ የሙገር የአህያ መንገድ ግን አይደለም።

ሃይሉክስ ረጅም ነው። ጉብታ ላይ ሆዱ ይነካል። ባዶውን ከሆነ ደግሞ ኋላው ኮረኮንች ላይ ይዘላል። ውሃውን፣ ስኮርታውንና ዕቃውን ከኋላ ዝቅ አድርጋችሁ ብትጭኑለት ጸባዩ ይቀየራል።

ሱዙኪ ጂምኒን ብዙ ሰው ትንሽ ናት ብሎ ይንቃታል። እኔ ለሙገር ከሁሉም አስቀድማታለሁ። ክብደቷ ከአንድ ቶን ብዙ አይበልጥም፣ ፎር ሎው አላት፣ ሻንሲዋ እንደ ትልልቆቹ ነው፣ ሌላው መኪና አራት ጊዜ ወደፊትና ወደኋላ በሚልበት ቦታ እሷ አንዴ ዞራ ትሄዳለች። ሰልባቲዮዋ ግን 40 ሊትር ብቻ ነው፣ ዕቃም አትይዝም። ሁለት ሰው ናት። አሮጌው ቪታራም ፎር ሎው ያለው ከሆነ ከዚሁ ወገን ነው። የአዳዲሶቹን ቪታራዎችና የራቭ ፎርን ከዚህ ለዩ። አራቱም ጎማቸው ቢገፋም ፎር ሎው የላቸውም። ቁልቁለቱን በፍሬን ብቻ ይወርዳሉ፣ ፍሬኑ ይግላል፣ ይሸታል፣ ከዚያ ፔዳሉ ይላላል። ጠርዝ ድረስ ንዷቸው፣ እዚያ ይቁሙ።

ፕራዶና ቪ8 ሁሉንም ይችላሉ። ጥያቄው ባለቤቱ በእሾህ መቧጨሩን ይችላል ወይ ነው።

የግል የነዳጅ መኪና ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ኤሌክትሪክ መኪና የያዘ ሰውም ይጠይቀኛል። የአብዛኞቹ ባትሪ ከሆዳቸው ስር ነው። ገደል ውስጥ መጀመሪያ ድንጋይ የሚያገኘው ደግሞ ሆድ ነው። ለዚህ ጉዞ ፎር ዊል ተከራዩ ወይ ከጓደኛ ጋር ሂዱ።

አንድ ነገር ደግሞ ስለ ከፍታ። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል። ጀማ ወንዝ ዳር ደህና የሚጎትት መኪና ለሚ ጠርዝ ላይ ሲደርስ፣ በባሕር ጠለል ላይ ከሚኖረው ጉልበት ሩብ ያህሉን አጥቷል። መኪናው በጣም የሚደክመው፣ በጣም የሚሞቀውና ሹፌሩ በጣም የሚሰለቸው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ የመጨረሻዎቹ መታጠፊያዎች ላይ። ስለዚህ ቱርቦ የሌለው መኪና የያዘ ሰው ጭነቱን ይቀንስ። አምስት ሰው ጭኖ መውረድ ይቻላል፣ መውጣቱ ግን ሌላ ነው።

አነዳዱ

ከጠርዙ ሳትወርዱ የጎማውን ነፋስ ቀንሱ። 35 ፒ.ኤስ.አይ. የነበረውን ወደ 25 አውርዱት፤ አሸዋ ከገባችሁ ከ25ም ትንሽ ዝቅ አድርጉት። ጎማው ድንጋዩን አቅፎ ይይዛል። ለመመለሻው ፖምፓ መኖሩን ግን መጀመሪያ አረጋግጡ።

ቁልቁለቱን በፎር ሎው፣ በአንደኛ ማርሽ፣ ሞተሩ እንዲይዛችሁ አድርጋችሁ ውረዱ። ፍሪሲዮን አትርገጡ። ፍሬን ነካ አድርጎ መልቀቅ ነው። ዳገት ላይ ሞተር ከጠፋባችሁ መሪውን ለማዞር አትሞክሩ፤ መኪና በጎኑ የሚገለበጠው ያኔ ነው። የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ኋላ ማርሽ አስገቡ፣ ሞተሩን አስነስታችሁ በወጣችሁበት መስመር ቀጥ ብላችሁ ውረዱ። ከዚያ እንደገና ትሞክራላችሁ።

ወንዝ ከሆነ መጀመሪያ ሰው ይሻገር። ከጉልበት በላይ ከሆነ ወይም እግር የሚያስት ከሆነ መኪናውንም ይወስደዋል። የጀማን ውሃ ደግሞ በላያችሁ ባለው ሰማይ አትገምቱት። ዝናቡ የሚዘንበው ላይ ሜዳው ላይ ነው፤ ታች ፀሐይ ሆኖ ደራሽ ውሃ ሊመጣ ይችላል። ውሃው ድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና እንጨት ይዞ መምጣት ከጀመረ ዕቃ ሰብስቡ አትበሉ። ዕቃውን ትታችሁ ወደ ከፍታ ውጡ። የወንዝ ወለል ላይ ድንኳን መትከልማ ፈጽሞ አይታሰብም።

መቼ?

ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር። መስከረም ያምራል፣ አደይ አበባው ያማልላል፣ ግን መረሬው ገና አልደረቀም፣ ወንዙም አልጎደለም። የካቲትና መጋቢት ታች ያለው ሙቀት ይከብዳል፣ የበልግ ዝናብም ድንገት ይመጣል። ሰኔ ከገባ እስከ ጳጉሜን ከጠርዙ ሆናችሁ ብቻ እዩ።

ከአዲስ አበባ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ውጡ። እኩለ ቀን ታች ጥላ ፈልጋችሁ አርፉ፣ ሞተሩም ይረፍ። መውጣቱን ከቀኑ 9 ሰዓት ሳያልፍ ጀምሩ፤ አንድ ጎማ ብትቀይሩ እንኳን ሳይመሽ ጠርዝ ላይ ናችሁ። ነዳጅ ከተማ ላይ ሙሉ አድርጉ፤ የነዳጅ ክፍያ በስልክ ስለሆነ ኔትወርክ በሌለበት ማደያ ተሰልፎ መለመን አለ። ለአንድ ሰው 5 ሊትር መጠጥ ውሃ፣ ለራዲያተሩ ለብቻው 20 ሊትር፣ አካፋ፣ ጠንካራ የመጎተቻ ገመድ፣ ክሪክና ክሪኩ አሸዋ ውስጥ እንዳይሰምጥ ወፍራም ጣውላ። ዊንች (መኪናን በገመድ ስቦ የሚያወጣ መሣሪያ) ላለው አንድ መኪና ከመክፈል ዊንች የሌላቸው ሁለት መኪናዎች ሆኖ መሄድን እመርጣለሁ።

ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳ ነው። የተከመረ ጤፍ አጠገብ፣ አውድማ አጠገብ አትለፉ። ማሳ አቋርጦ የሚሄድ የጎማ ዱካ ብታዩ እንኳን አትከተሉት፤ የሰው ዓመት ጉርስ ነው። ጫንጮና ሙከጡሪ ላይ «አካም ጅርቱ» ብላችሁ ብትጀምሩ መንገድ የሚያሳያችሁ ሰው ይበዛል። መንገድ ላሳያችሁ ልጅ የቀን ዋጋውን ስጡት፤ የትኛው መንገድ ዘንድሮ እንደታጠበ ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

ጠርዝ ላይ ስትወጡ ወዲያው ሞተሩን አታጥፉ። ቱርቦ ያለው መኪና በተለይ ሁለት ሦስት ደቂቃ በሚኒሞ ይስራ። እስከዚያ ጎማ ሙሉ፣ ከስር ዘይት የሚያንጠባጥብ ካለ እዩ፣ መዳፋችሁን ወደ ቸርኬው አስጠግታችሁ የአራቱን ሙቀት አወዳድሩ። አንዱ ከሌሎቹ ለይቶ የሚፋጅ ከሆነ ፍሬኑ ይዞ ቀርቷል ማለት ነው። እሱን ሳታዩ ወደ ከተማ አትነሱ። ከሱሉልታ በኋላ እንጦጦን ተሻግሮ ወደ አዲሱ ገበያ የሚወርደው ቁልቁለት ገና ይጠብቃችኋል፣ ከኋላችሁም የተጫነ ሲኖ ይኖራል።